ቤንዚን የሚበላ አሮጌ ሃይሉክስ፦ ካርቡሬተሩ ከመፈታቱ በፊት

«ቤንዚን ይበላል» ተብሎ ጋራዥ የሚገባ መኪና ሁሉ አንድ ዓይነት ሕክምና ይደረግለታል። ካርቡሬተሩ፣ ማለትም ቤንዚንን ከአየር ጋር መጥኖ ለሞተሩ የሚሰጠው ክፍል፣ ይወርዳል፣ በቤንዚን ይታጠባል፣ በኮምፕረሰር ይነፋል፣ ተመልሶ ይታሰራል። ባለቤቱ ከፍሎ ይሄዳል፤ ብዙም ሳይቆይ ያው ጥቁር ጭስ ይመለሳል። ይህን አካሄድ አልወደውም። ካርቡሬተር መፈታት ካለበት የሚፈታው ከሁሉም በኋላ ነው። በተፈታ ቁጥር የደረቀ ጓርኒሲዮን (የመገጣጠሚያ ማሸጊያ) ይቀደዳል፣ ከውስጡ የምስር ፍሬ የምታህል ኳስ ተንከባልላ ትጠፋለች፣ አንድ ችግር ይዞ የገባው መኪና ሁለት ይዞ ይወጣል።

የምጽፈው በእጄ ስለማውቀው መኪና ነው፤ 22 አር የሚባለው ባለ አራት ሲሊንደር፣ 2366 ሲሲ የቤንዚን ሞተር ስላለው፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980ዎቹ ስለተሠራው ቶዮታ ሃይሉክስ። ሳሪስ ካለችው ጠባብ ጋራዤ ደጃፍ ላይ ዛሬም ከእነዚህ አንዱ አይጠፋም። ካርቡሬተር ላለው ሌላ አሮጌ ፒክአፕም አካሄዱ ያው ነው፤ የብሎኖቹ ቦታ ይለያይ ይሆናል እንጂ። የናፍጣ ሞተር ጥቁር ጭስ ግን ራሱን የቻለ ጉዳይ ስለሆነ እዚህ አልገባበትም።

አንድ ግራም ቤንዚን በደንብ ለመቃጠል 14.7 ግራም ያህል አየር ይፈልጋል። አየሩ ሲያንስ ወይም ቤንዚኑ ሲበዛ ያልተቃጠለው ትርፍ በማርሚታው (በጭስ ማውጫው) በኩል ጥላሸት ሆኖ ይወጣል፣ ብልጭታ የሚሰጠውን ካንዴላ ያጠቁራል፣ የሲሊንደሩን ግድግዳ አጥቦ ወደ ሞተር ዘይቱ ይወርዳል። ደኅና የሆነ 22 አር በአንድ ሊትር ስምንት ወይም ዘጠኝ ኪሎሜትር ይሄዳል። አምስት ላይ ከወረደ፣ ከኋላ የሚነዳው ሰው መስኮቱን ከዘጋ፣ በማርሚታው አፍ ያስገባችሁት ጣት ደረቅ ጥቁር ዱቄት ይዞ ከወጣ ቤንዚኑ በዝቷል ማለት ነው። ጣታችሁ ላይ የቀረው ቅባት ያለበትና የሚያንሸራትት ከሆነ፣ ጭሱም ወደ ሰማያዊ ካደላ፣ የሚቃጠለው ዘይት ነውና የካርቡሬተር ነገር አይደለም። በክረምት ጠዋት የሚታየው ነጭ እንፋሎት ደግሞ ሞተሩ ሲሞቅ ከጠፋ ማንንም አያስጨንቅ።

መቼ ነው የሚያጨሰው?

ኮፈኑን ሳልከፍት ባለቤቱን የምጠይቀው ይህንን ነው። ብዙ ሰው «ሁልጊዜ ነው» ይላል። ሁልጊዜ የሚባል ነገር የለም። ጠዋት ተነሥቶ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ከሆነ ቾኩ፣ ሞተሩ በብርድ እንዲነሣ አየሩን የሚያጠበው ክዳን፣ ሥራውን እየሠራ ነው፤ ተዉት። ሞቆም ከቀጠለ ቾኩ አልተከፈተም። በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ቆሞ እያጨሰ መንገድ ላይ ሲሮጥ የሚጠራ ከሆነ በካርቡሬተሩ ውስጥ የሚጠራቀመው ቤንዚን ልኩ ከፍ ብሏል፣ ወይም የሚኒሞውን ቤንዚን የሚመጥነው ብሎን ተነካክቷል። በተቃራኒው በሚኒሞ ደኅና ሆኖ ዳገት ላይ የሚጠቁር ከሆነ የአየር ማጣሪያውን፣ ሞተሩ ሲከብደው ቤንዚን የሚጨምረውን የኃይል ቫልቭ፣ በቀዳዳው ቤንዚኑን የሚመጥነውን ዋና ጄት እጠረጥራለሁ። ሙቅ ሞተር ጠፍቶ ሩብ ሰዓት ቆይቶ ለመነሣት ካስቸገረና ሲነሣ ጥቁር ደመና ከለቀቀ፣ ቆሞ ሳለ ወደ ካርቡሬተሩ ጉሮሮ፣ አየር ወደሚያልፍበት ቱቦ፣ ቤንዚን ሲንጠባጠብ ነበር።

ጥያቄው ገንዘብ አይጠይቅም። እኔ ግን ከእርሱ የበለጠ የሚያገለግል መሣሪያ የለኝም።

አዲስ አበባ ራሷ ቤንዚን ታበዛለች

ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር ከፍታውን ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት፤ እዚህ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛው ቢሆን ነው። ካርቡሬተር የአየሩን መሳሳት የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ በጉሮሮው የሚያልፈውን የአየር ፍጥነት ተከትሎ ቤንዚን ይሰጣል። ለዝቅተኛ አገር የተመጠነ ካርቡሬተር ታዲያ ምንም ሳይበላሽ አዲስ አበባ ላይ ከ10 በመቶ የማያንስ ቤንዚን ያበዛል። ቶዮታም ይህን ስለሚያውቅ ለአንዳንድ ገበያዎች ለከፍታ ተጨማሪ አየር የሚያስገባ ቫልቭ ሠርቶ ነበር፤ እኔ ጋ ከሚመጡት ግን አብዛኞቹ የላቸውም፣ ያላቸውም ቱቦው ተነቅሎ በብሎን ተደፍኗል።

የተበላሸውን ከፍታ ካመጣው ለመለየት ወደ ምሥራቅ የሚወስደው መንገድ ጥሩ መመርመሪያ ነው። ጭነት ይዛችሁ የምትወርዱ ከሆነ አዳማ ላይ፣ 1,600 ሜትር ገደማ ማለት ነው፣ ቆማችሁ ማርሚታውን እዩ። አዋሽ ስትደርሱ፣ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ፣ እንደገና እዩ። እየወረደ ሲሄድ እየጠራና ጉልበት እያገኘ ከመጣ፣ ተመልሶ ሲወጣ ከጠቆረ ጥፋቱ የብልሽት ሳይሆን የመጠን ነው። አዋሽ ላይም እንደ ሳሪስ ካጨሰ አንድ የተበላሸ ነገር አለ።

ከፍታው የመለኪያ ንባብንም ያሳስታል። የጥገና መጻሕፍት ጤነኛ ሞተር በሚኒሞ ከ17 እስከ 22 ኢንች ሜርኩሪ ቫኪዩም (አየር ሲስብ የሚፈጥረው የግፊት ማነስ) ይስባል ይላሉ። አዲስ አበባ ላይ 13 ካያችሁ አትደንግጡ፤ የዚህ አገር ጤነኛ ቁጥር ከ12 እስከ 14 ነው። ይህን ሳያውቅ ጤነኛ ሞተር «ቫልቩ ተቃጥሏል» ብሎ ቴስታታ (የሞተሩን ራስ) ያወረደ መካኒክ አጋጥሞኛል።

አንዱ ነው አራቱም?

ካንዴላዎቹን ችግሩ በሚታይበት ሁኔታ ከነዳችሁ በኋላ አውጡ። ዳገት ላይ የሚያጨስ ከሆነ ዳገቱን ጨርሳችሁ፣ በሚኒሞ ብዙ ሳታቆዩት አጥፉትና ሲበርድ ፍቱ። ለረጅም ጊዜ በሚኒሞ የቆየ ሞተር ካንዴላ ስለ ዳገቱ አይነግራችሁም። ከፊት ጀምራችሁ በቅደም ተከተል ጋዜጣ ላይ ደርድሩና ቁጥራቸውን ከአጠገባቸው ጻፉ።

ካርቡሬተሩ አንድ ነው፤ ለአራቱም ነው የሚያካፍለው። አራቱም በደረቅ ጥላሸት ከጠቆሩ ፍለጋው ይቀጥላል። ሦስቱ ፈዛዛ ቡናማ ሆነው አንዱ ብቻ ከጠቆረ ካርቡሬተሩን አትንኩት፤ ችግሩ ያ ሲሊንደር ነው። ካንዴላውን ከጎረቤቱ ጋር ቀያይራችሁ ትንሽ ንዱ። ጥቁረቱ ካንዴላውን ተከትሎ ከሄደ ካንዴላው ሞቷል፤ እዚያው ከቀረ የመስመሩን ገመድ፣ ብልጭታውን ለአራቱ የሚያድለውን የዲስትሪቢውተር ክዳን፣ ከዚያ ቫልቩን እዩ። የካንዴላው ክፍተት 0.8 ሚሊሜትር ነው። የቫልቭ ክፍተቱ ሞተሩ በሞቀበት ሰዓት ለመግቢያው 0.20፣ ለመውጫው 0.30 ሚሊሜትር ነው፤ የተኩስ ቅደም ተከተሉ 1፣ 3፣ 4፣ 2። ደካማ ብልጭታ ያላቃጠለው ቤንዚን በማርሚታ ሲወጣ ሽታው ከበዛ ቤንዚን ሽታ አይለይም። ስንቱ ካርቡሬተር በገመድ ጥፋት ታጥቧል!

በዚሁ አጋጣሚ የቀዳችሁትንም ቤንዚን ተጠራጠሩ። በየመንገዱ በጀሪካን የሚሸጠው ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ሊሆን ይችላል፤ እርሱም ያጨሳል፣ ያንኳኳል። በነጭ ወረቀት ላይ ጠብታ ጣሉና ጥላ ውስጥ አስቀምጡት። ንጹሕ ቤንዚን ተንኖ ይጠፋል፤ ነጭ ጋዝ የቅባት ክብ ትቶ ይቀራል።

የአየር ማጣሪያውን በተመለከተ አጭር ነኝ። አውጡት፣ ከኋላው መብራት አብሩ፤ ብርሃኑ ካላለፈ ቀይሩት። ከውስጥ ወደ ውጭ በቀስታ መንፋት ይቻላል። በውሃ ወይም በቤንዚን የታጠበ የወረቀት ማጣሪያ ግን ቀዳዳው ተደፍኖ የባሰ ያንቃል፤ ይህን ልማድ ብንተወው ደስ ይለኛል።

ቾኩ፣ ቴርሞስታቱና የራዲያተሩ ክዳን

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በዚህ አገር ከሁሉ በላይ የማገኘው ጥፋት ይህ ነውና። ቴርሞስታት ማለት የሞተሩ ውሃ እስኪሞቅ ድረስ ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚዘጋው በር ነው።

ከሰበታ ገለባ የሚያመላልሱ አንድ ሽማግሌ ደንበኛ አሉኝ። ሃይሉክሳቸው ካርቡሬተሩ በሌላ ቦታ ታጥቦ፣ ማጣሪያውና ካንዴላው ተቀይሮ ነበር የመጣው። «ልጄ፣ ይኼ መኪና የሚበላው ቤንዚን አይደለም፤ የልጆቼን ጤፍ ነው» አሉኝ። ከሰበታ ድረስ ተነድቶ የመጣ ሞተር ነው። የላይኛውን የራዲያተር ቱቦ ስጨብጠው ለብ ያለ ብቻ ነበር። የማጣሪያውን ቤት ስከፍት የቾኩ ክዳን ግማሽ ተዘግቶ ቆሟል፤ በጣቴ ስገፋው ያለምንም መጣበቅ ይንቀሳቀሳል፣ ስለቀው ግን ተመልሶ ይዘጋል። ክዳኑ ጤነኛ ነው፤ የሚጠብቀው ሙቀት ነው ያልመጣለት።

«አባቴ፣ ቴርሞስታቱን ማን አወጣው?»

«ይሞቃል ብለው አወጡት። ከዚያ ወዲህ ሞቆ አያውቅም።»

እውነታቸውን ነው፤ ሞቆ አያውቅም። የእርሳቸው መኪና ቾክ በራሱ የሚሠራ ዓይነት ነው፤ የሞተሩ ውሃ ሲሞቅ ውስጡ ያለው ጥቅልል ተዘርግቶ ክዳኑን ይከፍታል። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር በአዲስ አበባ ብርድ ቁልቁለት ሲወርድ ውሃው አይሞቅም፣ ቾኩም ቀኑን ሙሉ ጠዋት እንደሆነ ይቆጥራል። መጀመሪያ ለምን ይፈላ እንደነበር ደግሞ የራዲያተሩን ክዳን ገልብጬ አየሁ፤ ጎማው ደርቆ ተሰንጥቋል። በዚህ ከፍታ ያልታመቀ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። ክዳኑ ግፊት ካልያዘ፣ ሞተሩ ከሚገባው በላይ ሳይግል ውሃው ይንተከተካል፤ መካኒኩም ምስኪኑን ቴርሞስታት አውጥቶ ይጥላል። አዲስ ክዳንና አዲስ ቴርሞስታት ገባ፤ ካርቡሬተሩን በብሎን እንኳ አልነካሁትም።

እናንተም እንዲህ ፈትሹ። ሞተሩ በበረደበት አስነሡና የላይኛውን ቱቦ በየጊዜው ንኩ፤ እጅጌያችሁንና የነጠላ ጫፍ ከማራገቢያው አርቁ። ለጥቂት ደቂቃዎች ቀዝቃዛ ሆኖ ቆይቶ በአንድ ጊዜ ሊጨበጥ የማይችል ከሆነ ቴርሞስታቱ አለ፣ ይሠራልም። ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ቀስ እያለ ለብ የሚል ከሆነ ወይ የለም፣ ወይ ተከፍቶ ቀርቷል። ቾኩ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ከሆነ ሞተሩ እየሠራ ሳለ 12 ቮልት ገደማ እየደረሰው መሆኑን በመለኪያ እዩ። በእጅ የሚሳብ ከሆነ አንድ ሰው ከውስጥ ቁልፉን እንዲመልስ አድርጉና ክዳኑ ሙሉ በሙሉ ቀጥ ብሎ መቆሙን በዓይናችሁ አረጋግጡ፤ ቁልፉ ተመልሶ ገመዱ ሽፋኑ ውስጥ ተነክሶ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። የክዳኑ ዘንግ በአቧራ ከደረቀ በቤንዚንና በጥርስ ብሩሽ እጠቡት። ዘይት አትቀቡት፤ አቧራውን ጠርቶ ያመጣዋል።

መስታወቷና ጉሮሮው

አይሳን የሚባለው የ22 አር ካርቡሬተር ጎን ላይ አንዲት ትንሽ ክብ መስታወት አለች። ስንት ሰው ዓመታት ነድቶ አይቷት አያውቅም! መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሙ፣ መስታወቷን ጥረጉ፣ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ባትሪ አብርታችሁ እዩ። የቤንዚኑ መስመር መሃል ላይ ካለው ምልክት ጋር መስተካከል አለበት። ከምልክቱ በላይ ከሆነ ወይም መስታወቷ ሙሉ ከሆነ የቤንዚን መግቢያውን የሚዘጋው መርፌ አልዘጋም፣ አለዚያ ከቤንዚኑ ጋር ከፍ እያለ መርፌውን የሚገፋው ተንሳፋፊ አልተነሣም። በካቻቪቴ እጀታ የካርቡሬተሩን ጎን ቀስ ብላችሁ መታ መታ አድርጉ። መስመሩ ከወረደ መርፌው ሥር ቆሻሻ ገብቷል፤ የዛገ የነዳጅ ሰልባትዮና ያልተቀየረ የቤንዚን ማጣሪያ የሚያመጡት ነው። ካልወረደ የመርፌውን ጫፍ ማየት ያስፈልጋል። ተንሳፋፊው ሆዱ ባዶ የሆነ ዓይነት ከሆነ ጆሯችሁ አጠገብ ነቅንቁት፤ ውስጡ ቤንዚን ከተንቦጫቦጨ ተቀዷል።

ይህን ሁሉ ከመፍታታችሁ በፊት ግን ፓምፑን እዩ። ከሞተሩ ጋር የመጣው ፓምፕ ከ0.2 እስከ 0.3 ባር ገደማ ነው የሚገፋው። ሲበላሽ ሰው ከሶማሌ ተራ ያገኘውን ኤሌክትሪክ ፓምፕ ይገጥማል፤ ያ ፓምፕ ለኢንጀክሽን መኪና (በካርቡሬተር ፈንታ ቤንዚኑ በግፊት ለሚረጭበት) የተሠራ ከሆነ አቅሙ ሁለት ባር ተኩል ወይም ሦስት ነው። የትኛውም መርፌ ይህን አይችልም። ስንት አዲስ መርፌ ብትቀያይሩ ቤንዚኑ ገፍቶት ይገባል።

ቀጥሎ ጉሮሮውን እዩ። ሲጋራ የለም፣ እሳት ማጥፊያ ወይም አንድ ባልዲ አሸዋ አጠገባችሁ ይሁን፣ ፊታችሁንም በቀጥታ ከላዩ አታድርጉ፤ ሞተር ወደ ላይ ሊተኩስ ይችላል። ማጣሪያው ተነሥቶ ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ ከጉሮሮው መሃል ያለው አፍ ደረቅ መሆን አለበት። ከዚያ ቤንዚን እየተንጠባጠበ ከሆነ የሚኒሞውን ብሎን ማዞር ከንቱ ድካም ነው።

ስለዚያ ብሎን ካነሣን፣ እርሱ የሚያዘው ሚኒሞን ብቻ ነው። አዳማ መንገድ ላይ የሚበላውን ቤንዚን በእርሱ ማዳን አይቻልም። ጥቅሙ ለምርመራ ነው። አንዳንዱ ላይ በብረት ክዳን ታሽጎ ይመጣል። ሞተሩ ሞቆ ቾኩ ተከፍቶ ሳለ በቀስታ ወደ ውስጥ አዙሩት፣ ስንት ዙር እንደዞረ ቁጠሩ። ጤነኛ ሞተር ብሎኑ ሊዘጋ ሲቃረብ ይንቀጠቀጣል፣ ይጠፋል። ሙሉ በሙሉ ተዘግቶም እንደልቡ የሚሠራ ከሆነ ቤንዚን በሌላ በር እየገባ ነው። ብሎኑን ግን በኃይል አትጭኑት፤ ጫፉ ከተጎዳ ከዚያ ወዲያ አይስተካከልም። ደግሞም መካኒክ ሆን ብሎ ያበዛው ሊሆን ይችላል፤ የቫኪዩም ቱቦ ተሰንጥቆ አየር ሲስብ ሞተሩ ይንገዳገዳል፣ ያንን ለመሸፈን ብሎኑን ይከፍቱታል። ቱቦዎቹን አንድ በአንድ በጣት ቆንጥጣችሁ የሞተሩ ድምፅ መቀየሩን አዳምጡ።

አሁን ይፈታ

ይህ ሁሉ ደኅና ሆኖ ዳገት ላይና በረጅም ጉዞ የሚያጨስ ከሆነ ካርቡሬተሩ ሊፈታ ይገባዋል። የምትፈልጉት በዋናነት የኃይል ቫልቩን ነው። ሞተሩ ቫኪዩም ሲኖረው ትንሿ ፒስቶን ወደ ላይ ተስባ ትቆያለች፤ ነዳጁ ሲረገጥና ቫኪዩሙ ሲወርድ ስፕሪንጓ ገፍቷት ቫልቩን ትከፍታለች፣ ተጨማሪ ቤንዚን ይገባል። ፒስቶኗ በዝቃጭ ተጣብቃ ከታች ከቀረች ዳገት ያልወጣውም መኪና ሁልጊዜ ዳገት ላይ ነው። በጣት ተጭናችሁ ስትለቋት በራሷ መመለስ አለባት። አዲስ አበባ ላይ ቫኪዩሙ ከመነሻውም ዝቅተኛ ስለሆነ ይህች ቫልቭ ባሕር ወለል ላይ ካለው መኪና ቀድማ ትከፈታለች፤ እዚህ የመኪኖቻችን የዳገት ጭስ የሚከብድበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ጄቶቹን በሽቦ ጎርጉራችሁ አታጽዱ። ናስ ለስላሳ ነው፤ ቀዳዳው በጥቂቱ ከሰፋ የቤንዚኑ መጠን ለዘለቄታው ይጨምራል። አሁን ያለው ጄት ከዚህ በፊት የተጎረጎረ መሆኑን በማጉያ መነጽር ማየት ይቻላል፤ ጠርዙ ላይ ጭረት ይታያል።

ለከፍታ ብላችሁ ዋናውን ጄት የምታሳንሱ ከሆነ ሒሳቡ ቀላል ነው። የቀዳዳውን ስፋት 11 በመቶ ለመቀነስ ዲያሜትሩ 6 በመቶ ያህል መቀነስ አለበት፤ 1.10 ሚሊሜትር የነበረው ወደ 1.04 ማለት ነው። ከተማ ውስጥ ለሚውል መኪና ይህን አደርጋለሁ። ወደ አፋር ወይም ድሬዳዋ ጭኖ ለሚወርድ ግን አላደርገውም፤ እታች ቆላው ላይ አየሩ ይወፍራል፣ ቤንዚኑ ያንሳል፣ በዚያ ሙቀትና ጭነት የመውጫ ቫልቭ ይቃጠላል። እንዲህ ላለ መኪና ባለቤት ትንሽ ጭስ ታገሥ እለዋለሁ። አሳንሳችሁ ከሆነም የድሮውን ጄት በላስቲክ ጠቅልላችሁ ዳሽቦርድ ውስጥ አስቀምጡ።

ሞተራችሁ 22 አር ኢ፣ ማለትም ኢንጀክሽን ያለው ከሆነ ከላይ ካለው ካንዴላው፣ ማጣሪያውና ቴርሞስታቱ ብቻ ናቸው የሚያገለግሏችሁ። እርሱ ላይ ለኮምፒውተሩ የውሃ ሙቀት የሚነግረውን ሴንሰር በኦም መለኪያ ለኩ፤ 20 ዲግሪ ላይ ከ2,000 እስከ 3,000 ኦም፣ 80 ዲግሪ ላይ ከ200 እስከ 400 ኦም መሆን አለበት። ለዳሽቦርዱ የሚያገለግለው ሌላ ነውና አታምታቱ። የነዳጅ ግፊት መቆጣጠሪያውን የቫኪዩም ቱቦም ንቀሉ፤ ውስጡ ቤንዚን ካለ ላስቲኩ ተቀዷል።

ጥፋቱ ከተገኘ በኋላ መኪናውን ከመልቀቄ በፊት የሞተር ዘይቱን እቀይራለሁ። የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥታችሁ አሽቱት፤ ቤንዚን ከሸተተ ወይም ዘይት ሳይጨመርበት ልኩ ከፍ ካለ ዘይቱ ቀጥኗል፣ የክራንኩን ብሮንዚና (ዘንጉ የሚሽከረከርበትን ስስ ብረት) ይበላል። በዚያ ላይ ከዘይቱ የሚተነው ቤንዚን በመተንፈሻው ቱቦ ተመልሶ ወደ ሞተሩ ስለሚገባ፣ ያስተካከላችሁት ካርቡሬተር ገና የሚያበዛ ይመስላችኋል። አዲስ ዘይት፣ አዲስ የዘይት ማጣሪያ፣ የተጠረጉ ካንዴላዎች ይግቡ፤ ከ200 ኪሎሜትር በኋላ ካንዴላዎቹ እንደገና ወጥተው ጋዜጣው ላይ ይደርደሩ።